በመኖሪያ ቤት ስለ ቆመው መረብ፤ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችና ጠባቂዎቻቸው

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ኢንተርኔት በየሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ለኮምፒዩተር ፍቅር የነበራቸው ተራ ሰዎች በመኖሪያ ቤታቸው ስላቆሙት መረብ መግለጽ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢመስልም አንድ ጫፉ አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ ጕዳዩ እኛንም የሚነካ ሆኖ አገኘነው። የምንጽፈው በከፊል በታወቀው ታሪክ፤ በከፊል ደግሞ አንድ አዛውንት ባጫወቱን ላይ ተመሥርተን ነው። እኒህ ሰው በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ አያሌ ዓመት ኖረው የተመለሱ ሲሆኑ፤ ከ1988 ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል በመኝታ ቤታቸው እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ሲጠብቁ ነበር። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን ፊት ለፊት እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልን እንጽፋለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ወደ ጋሼ ቤት መጀመሪያ የሄድነው ለጥናት አልነበረም። ከእኛ መካከል የአንዱ ኮምፒዩተር ኀይል መስጫው ተቃጥሎበት፤ እንዲህ ያለውን የሚያድኑ አንድ ሰው አሉ ተብሎ ተጠቍመን ነው። ሰውዬው ጡረታ ላይ ናቸው፤ ሬድዮና ኮምፒዩተር የሚጠግኑትም እጃቸው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ብለው ነው እንጂ ለገንዘብ አይደለም። በመደርደሪያቸው ላይ የመጽሐፍ ስፋት ያለው፤ በፊቱ ትንንሽ ቀያይ መብራቶች የተደረደሩበት ሣጥን አየንና ምን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ይህማ የቤቴ በር ነበረ፤ ስንት ሰው አንኳኵቶበታል መሰላችሁ!» አሉን። ሣጥኑ ሞደም ነበረ። ከዚያ ቀን ወዲህ አምስት ጊዜ ተመላልሰን አነጋግረናቸዋል፤ ቡና ሳንጠጣ የወጣንበት ቀን የለም።

እንግዴህ ከሥሩ እንጀምር። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፒዩተር የመንግሥት፣ የዩኒቨርሲቲና የታላላቅ ኩባንያዎች ንብረት ነበረ እንጂ ሰው በቤቱ የሚያስቀምጠው ዕቃ አልነበረም። ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በጃንዋሪ 1975 እትሙ ሽፋን ላይ አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒዩተር ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ ይገኝ የነበረው ሚትስ የተባለ ድርጅት ዕቃውን ሳይገጣጠም ከ400 ዶላር ባነሰ ዋጋ ለገዢው ይልክ ነበር። ገዢው ራሱ እየበየደ መገጣጠም ነበረበት፤ ገጣጥሞም ሲያበቃ በእጁ ያለው ማሽን የመጻፊያ ገበታም ሆነ ጽሕፈት የሚታይበት መስተዋት አልነበረውም። ትእዛዝ የሚሰጠው በፊቱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ፤ መልሱም የሚነበበው በመብራቶች መብራትና መጥፋት ነበረ። ይዞት የሚመጣው የማስታወሻ ቦታ 256 ባይት ብቻ ነው። ዛሬ በተለመደው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፤ አልቴር በእኛ ፊደል ሊይዝ የሚችለው 85 ፊደል ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙም አይበልጥም።

እንዲህም ሆኖ ሰው ተሻማበት። ማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርንያ በሜንሎ ፓርክ ከተማ በጎርደን ፍሬንች የመኪና ቤት ውስጥ 30 ያህል ሰዎች ተሰብስበው፤ ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በእንዲህ ያሉት ማኅበራት የነበረው ልማድ፤ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ማሳየትና ማዋስ ነበረ። ፕሮግራምም እንደ መጽሐፍ ይዋዋሱ ነበር፤ ልዩነቱ የፕሮግራም አዋሽ ከገለበጠ በኋላ የራሱንም አለማጣቱ ነው። ገና ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ለእነዚህ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፤ እርሱና ጓደኞቹ የደከሙበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ መገልበጣቸው ስርቆት መሆኑን ነገራቸው። ጋሼ ስለዚህ ደብዳቤ ሲናገሩ ይሥቃሉ። «ልጁ እውነቱን ነው፤ እነዚያም እውነታቸውን ነው» ይላሉ፤ ከዚህ አልፈው አይፈርዱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። በጃንዋሪ 1978 በቺካጎ ከተማ ታላቅ የበረዶ ውሽንፍር ወርዶ ሰው ሁሉ ከቤቱ መውጣት ተሳነው። ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ስዌስ የተባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ወዳጆች በዚያ ሰሞን አንድ አሳብ መጣላቸው። በማኅበራቸው ስብሰባ ቦታ አባሎች ማስታወቂያ የሚሰኩበት የቡሽ ሰሌዳ ነበራቸው። ሰሌዳው በኮምፒዩተር ውስጥ ቢሆንና አባሎቹ ከቤታቸው በስልክ እየደወሉ ቢያነቡት፤ ቢጽፉበትም ምን ይላል? ስዌስ መሣሪያውን ገጠመ፤ ክሪስተንሰን ፕሮግራሙን ጻፈ፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1978 ሰሌዳው ለሕዝብ ተከፈተ። ክሪስተንሰን ከዚያ በፊት በ1977 ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር ፋይል ሳያበላሹ የሚለዋወጡበትን ኤክስሞደም የተባለ ሥርዐት ጽፎ ለማንም በነፃ ሰጥቶ ነበር። ስዌስ በ2019፤ ክሪስተንሰን በ2024 ዐረፉ። ሁለቱም በዚህ ሥራ ባለጸጋ አልሆኑም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሞደም ማለት የኮምፒዩተሩን ምልክት በስልክ ሽቦ ሊያልፍ ወደሚችል ድምፅ፤ ድምፁንም መልሶ ወደ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ደዋዩ ከቤቱ ሲደውል የሰሌዳው ሞደም ስልኩን ያነሣል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እየጮኹ ይተዋወቁና ከዚያ በኋላ ደዋዩ የሚጽፈው በሰሌዳው ኮምፒዩተር ይገባል። መስመሩ አንድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሊገባ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ቢደውል ስልኩ ተይዟል የሚለውን ድምፅ ይሰማል። በመጀመሪያው ዘመን የነበረው ፍጥነት በሴኮንድ 300 ቢት፤ ማለት 30 የላቲን ፊደል ያህል ነበረ። አንባቢ እንዲመዝነው ስንል ይህን ጽሑፍ አሰላነው፤ በዚያ ፍጥነት በግዕዝ ፊደል ቢላክ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፊደሉ በመስተዋቱ ላይ አንድ በአንድ ሲወጣ እያዩ ይነበብ ነበር።

ይህ ነገር በአሜሪካ የተስፋፋበትን ምክንያት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በፈጠራ ችሎታ ብቻ ያስረዳሉ። እኛ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮችን ማስታወስ ይገባል እንላለን። አንደኛው የሕግ ጕዳይ ነው። የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን በ1968 ካርተርፎን በተባለው ክርክር በሰጠው ውሳኔ የስልክ ኩባንያው ያልሠራውን መሣሪያ ከስልክ መስመር ጋር ማገናኘት ተፈቀደ፤ ከዚያ በፊት ኩባንያው ይከለክል ነበር። ሁለተኛው የታሪፍ ጕዳይ ነው። በአሜሪካ በአያሌ ቦታዎች በአንድ አካባቢ ውስጥ የሚደወል ስልክ የተወሰነ የወር ክፍያ ከተከፈለ በኋላ በደቂቃ አይቈጠርም ነበር። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ አባቱ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ስልክ በደቂቃ በሚቈጠርበት አገር ይህ ልማድ በዚያው መጠን አላደገም። በአገራችንማ የስልክ መስመር ለማግኘት ራሱ ለዓመታት ወረፋ ይጠበቅ ስለ ነበረ፤ ስለ ታሪፉ ለመነጋገር እንኳ ገና ነበረ።

የጋሼ ዋና አሳብ የሚነሣውም ከዚህ ነው። እሳቸው በዚያን ጊዜ በሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቁ ነበር፤ ያሮጀ ኮምፒዩተር በርካሽ ገዝተው ሁለተኛ የስልክ መስመር በራሳቸው ወጪ አስገቡ። ሰሌዳው ያለው ከአልጋቸው ራስጌ ነው። ቀን ተኝተው ሳለ ሞደሙ ሲጮኽ ይነቃሉ፤ ማን እንደ ገባ በመስተዋቱ አይተው ተመልሰው ይተኛሉ። ለእያንዳንዱ ደዋይ የሚፈቀደው በቀን 40 ደቂቃ ነበረ፤ ሌላው እየጠበቀ ነውና። ደዋዩ ከጠባቂው ጋር መነጋገር ከፈለገ አንድ ቍልፍ ሲነካ በጋሼ ክፍል ደወል ይደወላል፤ እሳቸውም ነቅተው ከሆነ ይቀመጡና በጽሕፈት ይጫወታሉ። አንድ ወጣት ሌላውን በሰሌዳው ላይ ክፉኛ ሰደበው። ጋሼ ሰሌዳው ሲከፈት ሁሉም ካስመዘገቡት ስልክ ቍጥር ላይ ደወሉለት፤ ስልኩን ያነሡት እናቱ ነበሩ። «ልጅዎ በቤቴ ተቀምጦ እንግዳዬን ሰደበብኝ» አሏቸው። ልጁ በማግስቱ ይቅርታ ጻፈ፤ ሴትዮዋም ከዚያ ወዲያ በዓመት በዓል ይደውሉላቸው ጀመር።

«ጨዋነቱ ከሰዎቹ ጠባይ አልመጣም» ይላሉ ጋሼ፤ «የዛሬዎቹም የዚያን ጊዜዎቹም ያው ሰዎች ናቸው። የመጣው ከቤቱ ነው። ሰው በሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ይጠርጋል። ዛሬ የገባችሁበት ቤት የማን ነው? ባለቤቱ ያያችኋል ወይ? እናንተስ ታዩታላችሁ?» ይህን አሳባቸውን በየጊዜው በልዩ ልዩ አነጋገር ይደግሙልን ነበር። የሰው ጠባይ በመረብ ላይ የሚወሰነው መሣሪያው በማን ቤት እንደ ተቀመጠና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ነው ባይ ናቸው። እኛም ነገሩን በራሳችን እስክንፈትነው ድረስ የሽማግሌ ትዝታ ይሆናል ብለን አስበን ነበር፤ ስለ ፈተናችን ኋላ እንናገራለን።

ሰሌዳዎቹ እስከ 1984 ድረስ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የቆሙ ነበሩ። በዚያ ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የነበረው ቶም ጄኒንግስ ፊዶ የተባለ የሰሌዳ ፕሮግራም ጽፎ፤ በባልቲሞር ከነበረው ከጆን ማዲል ጋር ሆኖ ሁለቱ ሰሌዳዎች በሌሊት እርስ በርሳቸው እየተደዋወሉ ደብዳቤ እንዲለዋወጡ አደረገ። ፊዶኔት የተባለው መረብ የተጀመረው በዚህ ነው። ሌሊቱ የተመረጠው የሩቅ ቦታ ስልክ በሌሊት ርካሽ ስለ ነበረ ነው። በቀጠሮው ሰዓት ሰሌዳዎቹ ሁሉ ደዋይ ማስተናገድ አቁመው፤ የሰው እጅ ሳይነካቸው ደብዳቤ ይቀባበላሉ። አንድ ሰው በማታ የጻፈው ደብዳቤ በነጋታው በሌላ ከተማ ይነበባል።

ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልተስተካከለም። በመጀመሪያ ጊዜ የአባል ሰሌዳዎች ስልክ ቍጥር በዝርዝር ውስጥ በስሕተት እየገባ፤ በመረቡ ውስጥ ምንም የሌለበት ሰው ከሌሊቱ አጋማሽ ስልኩ ይደወልለትና ሲያነሣ የማሽን ጩኸት ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ፤ ኮምፒዩተር ግን እስኪሳካለት ደጋግሞ ይደውላል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት እኛን እጅግ ደስ አሰኝቶናል። አዲስ አባል ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ ማመልከቻውን በመረቡ በኩል፤ ከራሱ ሰሌዳ እንዲልክ ተደረገ፤ ማመልከቻው ከደረሰ መሣሪያው እንደሚሠራ በዚያው ተረጋገጠ ማለት ነው። በ1985 ደግሞ በሴንት ሉዊስ የነበሩ ጠባቂዎች የጀመሩት አሠራር ተስፋፍቶ፤ ወደ አንድ ከተማ የሚሄደው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ የሩቅ ስልክ ለአንድ ሰሌዳ ደርሶ፤ ያ ሰሌዳ ለጎረቤቶቹ በአካባቢው ስልክ በነፃ እንዲያድል ሆነ። በ1986 የዳላሱ ጄፍ ረሽ አንድ ሰው የጻፈው በየሰሌዳው ሁሉ ተባዝቶ የሚነበብበትን ኤኮሜይል የተባለውን አሠራር አስገኘ። የመረቡ መተዳደሪያ ደንብ ብዙ ገጽ ቢኖረውም ስለ ጠባይ የሚለው በአጭሩ ሁለት ነገር ነው፤ ሌላውን ከልክ በላይ አታስቀይም፤ አንተም በቶሎ አትቀየም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመረቡ ሰሌዳዎች ከ30,000 በላይ ሆነው ነበር፤ አብዛኞቹም በመኖሪያ ቤት፤ በባለቤታቸው ወጪ የቆሙ ነበሩ።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመጣለን። ፊዶኔት ዓለምን በቀጠና ሲከፍል ለአፍሪካ የተሰጠው ቍጥር 5 ነበረ። በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የፊዶኔት ሰሌዳ አቁሞ፤ ለንደን ወደሚገኘው ግሪንኔት እየደወለ ደብዳቤ ይለዋወጥ ነበር። የግሪንኔት ኮምፒዩተርም ደብዳቤውን ወደ ኢንተርኔት ያሻግረዋል። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በጃንዋሪ 1997 ስለሆነ፤ ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ኢሜይል ይጽፉ የነበሩ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች፣ ምሁራንና ሌሎችም ደብዳቤያቸው የሚሄደው አሜሪካዊው ወጣት ለቤቱ ሰሌዳ ባዘጋጀው ሥርዐት ነበረ ማለት ነው። ይህ አሠራር ለእኛ አገር የተስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። መስመሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ እንዲቈይ አይፈልግም፤ የተጠራቀመውን በአንድ ጥሪ ልኮ፤ የመጣውን ተቀብሎ ይዘጋል። መስመሩ ቢቋረጥም እንደገና ይሞክራል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቈዩና «እኔ እኮ ከዚያ ሆኜ ለእናቴ በፖስታ ነበር የምጽፈው» አሉ።

ጋሼ ያመሰገኑትን ሁሉ እያመሰገንን ልናልፍ አንችልም። ያ ቤት በሩ ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። በመጀመሪያ ኮምፒዩተርና የስልክ መስመር የሌለው አይገባበትም። ከዚህም በላይ ቋንቋውና ፊደሉ ሌላ መዝጊያ ነበረ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሮች የሚግባቡበት አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ አለው፤ ያም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቍጥርና ምልክት ተይዟል። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ቢባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ቧና ቋ ገና አልተቈጠሩም። ሠንጠረዡ ወደ 256 ቢሰፋ እንኳ የላቲኑ ግማሹን ስለሚይዝ አይበቃም። ስለዚህ በጋሼ ሰሌዳ ይሰበሰቡ የነበሩት ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር፤ እያንዳንዱም በመሰለው መንገድ። ኋላ ሴራ የተባለ ሥርዐት ወጥቶ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል እየለየ፤ ትንሹን ለተ፤ ትልቁን ለጠ አደረገው። ችግሩ ሰው ሲቸኩል ትልቁን ፊደል መርሳቱ ነው። አንድ ሰው ስለ ወንድሙ ከአገር መድረስ ሲያበስር መጣ ያለው መታ ተብሎ ተነበበና፤ ማንን ነው የመታው እያሉ ሲጠይቁት ሰነበቱ።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቦታ ያገኘው በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት አያሌ ኢትዮጵያውያን ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ በየቤታቸው እየተቀመጡ የፊደል ቅርጽና የመጻፊያ ፕሮግራም ሠርተዋል። የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆናል። ይህ ታሪክ ለብቻው ጥናት የሚገባው ነው። እኛ የምናነሣው የቤት ውስጥ ሠሪዎች ትጋት አንድ ነገር እንደ ነበር፤ ሥራቸው እንዲግባባ ግን ከቤት ውጭ የሆነ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ እንዳስፈለገ ለማሳየት ነው። ጋሼ ስለ ቤት ሲናገሩ ይህን ይዘነጋሉ።

ሁለተኛው ነቀፋ ከዚህ ይከብዳል፤ ያነሡትም ራሳቸው ጋሼ ናቸው። በሰሌዳው ላይ ሁሉ ከሚያነበው ሌላ፤ አንዱ ለአንዱ ብቻ የሚጽፈው ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ግን የሚቀመጠው በጠባቂው ዲስክ ውስጥ ነው፤ ጠባቂው ቢፈልግ ያነበዋል። በአራተኛው ቀን ቡናው ከተጠጣ በኋላ ጋሼ አንድ ጊዜ ማንበባቸውን ነገሩን። ሁለት የሚያውቋቸው ሰዎች ስለ እርሳቸው የሚጻጻፉ መስሏቸው ነው። ስለ እርሳቸው አልነበረም፤ አንደኛው ስለ ሕመሙ፤ ለሌላ ለማንም ያልተናገረውን ነበር የሚጽፈው። «ከዚያ ወዲህ ያን ሰው በሰላምታ እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ እርሱ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ» አሉን። እኛም የምንለው ጠፍቶን ተቀመጥን።

የአሜሪካ መንግሥት የኤሌክትሪክ ደብዳቤን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ በ1986 አውጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አያሌ ጠባቂዎች በሰሌዳቸው መግቢያ ላይ፤ እዚህ የግል ደብዳቤ የሚባል የለም፤ ጠባቂው ሁሉን ሊያይ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ መጻፍ ጀመሩ። ሕጉ ግን በጠባቂው ላይ ብቻ ሳይሆን በመንግሥትም ላይ እንደሚሠራ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታየ። ማርች 1 ቀን 1990 ሲክሬት ሰርቪስ የተባለው የመንግሥት ክፍል በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ ስቲቭ ጃክሰን ጌምስ የተባለውን ጨዋታ አሳታሚ ቤት ፈትሾ፤ የሰሌዳውን ኮምፒዩተር በውስጡ ካሉት ገና ያልተነበቡ 162 የግል ደብዳቤዎች ጋር ወሰደው። አሳታሚው ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1993 ለአሳታሚው ፈረደ። የዛሬዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎችም ደብዳቤያችንን በዲስካቸው የሚያስቀምጡ ጠባቂዎች ናቸው። ከጋሼ የሚለያቸው ቢያነቡ የሚያፍሩት ሰው በመንገድ ላይ የማያጋጥማቸው መሆኑ ነው።

ስለ ሰሌዳዎቹ መጨረሻ ብዙ የሚባል የለም። በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ የሚገኘው የሴርን የምርምር ማዕከል በአፕሪል 1993 የዌብን አሠራር ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ደግሞ በአሮጌዎቹ የመረብ ሰዎች ዘንድ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። ቀድሞ በየዓመቱ በሴፕቴምበር አዳዲስ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎቻቸው በኩል ዩዝኔት ወደ ተባለው የውይይት መረብ ይገቡና፤ ለጥቂት ሳምንት ሲያስቸግሩ ቈይተው ልማዱን ይማሩ ነበር። ከ1993 በኋላ ግን የንግድ ኩባንያዎች ያስገቧቸው እንግዶች ስለ በዙ፤ ያ ሴፕቴምበር አላለቀም ይላሉ። ይህ አነጋገር አያስደስተንም፤ እኛም የዚያ ሴፕቴምበር ልጆች ነንና። ጋሼ ሰሌዳቸውን የዘጉት በ1994 ነው፤ በመጨረሻው ወር ደወሉ የተደወለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበረ።

አሁን ስለ ፈተናችን እንናገር። ከእኛ አንዱ በተማረበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ክፍል ተቈልፎባቸው ነበር፤ ቍልፉም በአንድ መምህር ኪስ ነበረ። ተማሪው የሚነካቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ለአርባ ደቂቃ ነው። ያ ነገር ሳይቈጨው አልቀረም መሰለኝ ሳይል አይቀርም፤ በመኝታ ክፍላችን ሰሌዳ እንክፈት ያለው እርሱ ነው። መስተዋቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ኮምፒዩተር ከአልጋ ሥር አስቀመጥን፤ ከእርሱ ጋር አንድ ትንሽ የዋይፋይ መሣሪያ አያያዝን። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ በሁለት ፎቅ ውስጥ ያለ ተማሪ በስልኩ ገብቶ በአማርኛም በኦሮምኛም በፈለገው ይጽፋል። የምግብ ቤቱ ተራ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የፈተና ጥያቄ ክርክር፣ የፍቅር ምክርም ሳይቀር ይጻፍበት ጀመር። መብራት ሲጠፋ ሰሌዳው ይሞታል፤ ያን ጊዜ በራችን ይንኳኳል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ የሌላውን አገር ቤትና አነጋገር ጠቅሶ የሚያዋርድ ነገር ጻፈ። በታላላቆቹ መረቦች ላይ እንዲህ ያለው በየሰዓቱ ስለሚታይ ማንም አይደነቅበትም። እዚህ ግን የተሰደበው ልጅ ወደ ክፍላችን መጥቶ ከአልጋው ላይ ተቀመጠና «ይህ ነገር የተቀመጠው እዚህ ሥር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነው አልነው። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጸሓፊውም መጣ፤ እንዲጠፋለት ሊለምን ነበር የመጣው፤ ሁለቱ እዚያው ተገናኙ። የተባባሉትን አንጽፍም፤ ብቻ ጽሑፉን ራሱ ጸሓፊው በእጁ አጠፋው። ጋሼ ያሉት ቤት ይህ መሆኑን የተረዳነው ያን ቀን ነው።

ስለ ግል ደብዳቤዎቹ ግን ለጋሼ ስንነግራቸው ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ማንበብ እንደምትችሉ ነግራችኋቸዋል?» አሉን። አልነገርንም ነበር፤ የጠየቀን ስለሌለ። «እንግዲያው ዛሬ ማታ ጻፉት» ብለው ከቡናው ሁለተኛውን ሳንጠጣ አስነሡን። በዚያ ማታ በሰሌዳው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፤ እዚህ የሚጻፈውን ሁሉ፤ የግል ደብዳቤም ቢሆን፤ የዚህ ክፍል ሦስት ነዋሪዎች ሊያነቡት ይችላሉ ብለን ጻፍን፤ የክፍሉንም ቍጥር ጨመርን። በነጋታው የግል ደብዳቤ የሚጽፍ ጠፋ ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ቀን አንድ ተማሪ መጥቶ ቀድሞ የጻፋቸውን እንድናጠፋለት ለመነን፤ እያየ አጠፋንለት። ከመውጣቱ በፊት በሩን ይዞ ቆሞ አንብባችኋቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀን፤ እኛም ማናችን ምን እንዳነበብን እዚያው ፊቱ ነገርነው።